ንፋስ የሚያንቀሳቅሳቸው የካልደር የብረት ቅርጻ ቅርጾች

አሌክሳንደር ካልደር እ.ኤ.አ ከ1898 እስከ 1976 የኖሩ አሜሪካዊ ቀራጺ ሲሆኑ፣ ከሽቦና ከላሜራ የሚሠሩና በአየር እንቅስቃሴ የሚወዛወዙ ረቂቅ ቅርጻ ቅርጾችን በማበልጸግ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ በ1931 ለነዚህ ሥራዎች "ሞባይል" የሚለውን ስያሜ ያወጡት ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምፕ ናቸው። ስያሜው ተንቀሳቃሽ ማለት ሲሆን ከእጅ ስልክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አባታቸውም አያታቸውም ቀራጺዎች የነበሩ ቢሆንም፣ ካልደር በቅድሚያ የተማሩት የመካኒካል ምህንድስና ሲሆን እ.ኤ.አ በ1919 በዚሁ ሙያ ተመርቀዋል። እ.ኤ.አ በ1922 በአንድ መርከብ የማሞቂያ ክፍል ተቀጥረው በጓቲማላ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ሲጓዙ፣ አንድ ማለዳ በአንድ ወገን ቀይ ፀሐይ ስትወጣ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ጨረቃ በሰማይ ላይ ሳለች ተመለከቱ። ይህ ትዕይንት በኋላ ለሠሯቸው ሥራዎች መነሻ እንደሆነ ራሳቸው ገልጸዋል። እ.ኤ.አ በ1930 ፓሪስ ውስጥ የሠዓሊውን ፒት ሞንድሪያንን የሥራ ክፍል መጎብኘታቸው ደግሞ ወደ ረቂቅ ጥበብ መርቷቸዋል።

ካልደር መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቹን ቅርጾች በሞተር ያንቀሳቅሱ ነበር። ሞተር ግን ያንኑ እንቅስቃሴ ስለሚደጋግም እየተዉት ሄዱ። የሞባይል አሠራር ከሁለት ማዶ ሚዛን ጋር ይመሳሰላል። ሠሪው ከመጨረሻዎቹ ትናንሽ ላሜራዎች ይጀምርና በሽቦ ጫፍ ላይ አመዛዝኖ ያንጠለጥላቸዋል፤ ያንን ሽቦ ደግሞ ከሌላ ሽቦ ጋር እያመዛዘነ ወደ ላይ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሽቦ በየፊናው ስለሚዞር፣ በር ተከፍቶ በሚገባ አየር እንኳ ቅርጹ ይለወጣል። ቀራጺው የክብደቱንና የርዝመቱን መጠን ይወስናል እንጂ ቅርጹ በየቅጽበቱ የሚይዘውን መልክ አይወስንም። እ.ኤ.አ በ1948 የተሠራውና "የበረዶ ብናኝ" ሊባል የሚችለው ሥራ፣ ነጫጭ ክብ ላሜራዎችን በማንጠልጠል የበረዶን አወራረድ ያስታውሳል።

እ.ኤ.አ ከ1932 እስከ 1933 የተሠራው ሌላው ሥራ ለአጋጣሚ የበለጠ ቦታ ይሰጣል። አንድ ከባድና አንድ ቀላል ድቡልቡል አካላት ከላይ ተንጠልጥለው፣ ከሥራቸው ጠርሙሶች፣ ቆርቆሮና ሣጥን ይቀመጣሉ። ከባዱ ሲገፋ ቀላሉ ይወናጨፋል፤ የትኛውን ዕቃ መቼ እንደሚመታ ግን አይታወቅም።

ይህን ባሕርይ አለመረዳት የሚያስከትለውን ጉዳት "ፒትስበርግ" የተሰኘው ሞባይል ያሳያል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሠራው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ በ1958 በፒትስበርግ ከተማ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከተሸለመ በኋላ ለአሌጌኒ አውራጃ አስተዳደር በስጦታ ተበርክቶ በአየር ማረፊያው ተሰቀለ። ይሁንና በአስተዳደሩ ቀለሞች በአረንጓዴና በወርቃማ ተቀባ፤ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስም ተደረገ። ቀለም መቀባቱ በአስተዳደሩ ዘንድ እንደ ተራ እድሳት ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ እንቅስቃሴውን መግታት ግን ሥራውን ራሱን ማስቀረት ነበር። ካልደር ቢቃወሙም በሕይወት ሳሉ የሰማቸው አልነበረም፤ ሥራው ወደ ቀድሞ መልኩ የተመለሰው ካረፉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ1990 የወጣው የአሜሪካ የእይታ ጥበብ ባለሙያዎች መብት ሕግ፣ ሥራው በሌላ ሰው ባለቤትነት ሥር ቢሆንም እንኳ፣ ስምና ክብራቸውን የሚጎዳ ለውጥ ሆን ተብሎ እንዳይደረግ የመከላከል መብት ለባለሙያዎቹ ሰጥቷል።