ዶሮዎችን የሚያስጨንቁ ምክንያቶችና ምላሻቸውን የሚወስኑ ሁኔታዎች

እንቁላል መጣል የቀነሰች ወይም መኖ የተወች ዶሮ ሁልጊዜ ታማለች ማለት አይደለም። ምክንያቱ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ጭንቀት በራሱ በሽታ ባይሆንም ሳይታረም ከቆየ ለበሽታ በር ይከፍታል።

የሰውነት ምላሽ

ዶሮ ስትደነግጥ በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይመነጫል፤ ልቧ ይፈጥናል፤ ለሽሽትም ትዘጋጃለች። አስጨናቂው ነገር ካልተወገደ ኮርቲኮስቴሮን የተባለ ሆርሞን በደሟ ውስጥ ይጨምራል። ይህ ሆርሞን የሰውነቷን ፕሮቲን ወደ ኃይል ምንጭነት ይለውጣል። ለአጭር ጊዜ ሕይወቷን ያተርፋል፤ ለቀናት ሲዘልቅ ግን ዕድገቷን ይገታል፤ እንቁላል ይቀንሳል፤ በሽታን የመከላከል አቅሟንም ያዳክማል።

ዋና ዋና መንስኤዎች

ሙቀት ቀዳሚው ነው። ዶሮ የላብ ዕጢ ስለሌላት ሙቀትን በብዛት የምታስወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ላደገች ዶሮ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማታል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትቸገራለች። ማለክለኩ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚያሳጣት የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል። ጫጩቶችን ደግሞ የሚጎዳቸው ብርድ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሻሉ።

መጨናነቅ፣ የውሃ መቋረጥ፣ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ፣ ከእርጥብ ጉዝጓዝ የሚወጣ የአሞኒያ ሽታ፣ ረጅም ጉዞ እንዲሁም የጭልፊትና የሸለምጥማጥ ስጋት ሌሎች መንስኤዎች ናቸው።

ምላሹን የሚወስኑ ሁኔታዎች

ለከፍተኛ ምርት የተሻሻሉ ዝርያዎች ብዙ መኖ ስለሚመገቡ በሰውነታቸው የሚፈጠረው ሙቀትም ከፍ ያለ ነው። አንገተ መላጣ ዶሮዎች በአንጻሩ ሙቀትን በቀላሉ ያስወግዳሉ። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ሰው የለመዱም ብዙ አይደነግጡም። ከሁሉም በላይ ግን መንስኤዎቹ ሲደራረቡ ጉዳቱ ይከፋል፤ ክትባት፣ የቤት ዝውውርና የመኖ ለውጥ በአንድ ቀን ከተገናኙ ጤናማ መንጋ እንኳ ይፈተናል።

ምን ማድረግ ይገባል?

አርቢው መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት ውሃውን፣ አየሩንና ጥበቱን ቢመረምር ይጠቅመዋል። በሞቃት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ በብዛት ማቅረብ፣ መኖውን ማለዳና አመሻሽ መስጠት፣ መስኮቶችን መክፈትና ጥላ ማዘጋጀት ይመከራል። አዲስ መኖም በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ከነባሩ ጋር እየተቀላቀለ ቢለመድ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ዶሮዎች በድንገት በብዛት ከሞቱ፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ ከታየባቸው ፈንግል ሊሆን ስለሚችል፣ የታመሙትን ለይቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳይዘገዩ መጥራት ያስፈልጋል።