ዕውቀትም ድልድይ ይሻል

በጌዴኦ አገር ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የሚፈቱት በመደማመጥ ነው። በዲላ ከተማ ግን ወጣቶች ስለ ሴትና ስለ ወንድ ጉዳይ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ባህላችንን ልታጠፉ ነው» ይላል፤ ሁለተኛውም «እናንተ ኋላ ቀሮች» ብሎ ይመልሳል፤ በመካከሉ እውነቱ ሰሚ ያጣል። ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ከዚሁ ከደቡብ አገራችን፥ ከከምባታ የተገኘ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ተወልደው፥ በኢየሩሳሌም ስለ ጥቃቅን ተሕዋስያን፥ በአሜሪካም ስለ በሽታ ሥርጭት ከተማሩ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1997 ሕዝባቸውን ለመርዳት ሥራ ጀመሩ። ስለ ኤድስ በሽታ ለማስተማር ቢነሡ፥ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የጠየቁት ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት አልነበራቸውምና። እሳቸውም ድልድዩን አሠሩ። ሕዝቡም ከዚያ በኋላ ጆሮውን ሰጣቸው።

ቀጥሎም በየመንደሩ ወንዱና ሴቱ፥ ሽማግሌውና ወጣቱ አንድነት ተቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት መነጋገር ጀመሩ። ሳይንስ በዚህ ነገር የሚለው ግልጽ ነው፤ ይኸውም የተቆረጠ ገላ ሲድን ጠባሳው እንደ ጤነኛው ሥጋ አይለጠጥም፤ ስለዚህ በምጥ ጊዜ እናቲቱም ሕፃኑም ይጐዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28,000 በላይ ወላዶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል።

ግርዛቱን የሚከለክለው የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ሲያስፈራ ሰው ተደብቆ ሊሠራ ይችላል፤ ያመነበትን ግን በገዛ እጁ ይተዋል። በከምባታም ቀድሞ ከሞላ ጐደል ሁሉም ቤተ ሰብ ይፈጽመው የነበረውን ልማድ፥ በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ተወው። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ቢያርፉም ሥራቸው በዳኑት ልጃገረዶች ይታያል።

እናንተም ተምራችሁ ወደ መንደራችሁ ስትመለሱ፥ ከመናገራችሁ በፊት «ምን ቸገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሰደበ አባት፥ የነገራችሁት እውነት ቢሆንም እንኳ፥ በሩን ይዘጋል። የተከበረ አባት ግን ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ እሱ የሰማውም ለልጁ ሕይወት ይሆናል።