ቸርኬ ይወለወላል እንጂ «ፖሊሽ አይደረግም»

«ፖሊሽ ማድረግ»ን እንደምንም ችለን ኖረን ነበር። አሁን ደግሞ «የመስታወት ፖሊሽ» የሚሉት መጣብን። ቀለም ያልተቀባ የአሉሚኒየም ዕቃ፣ ቸርኬም ሆነ የባጃጅ ሞተር ክዳን፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ በእጅ አሽቶ ማብራት ማለት ነው አሉ። በአማርኛ ግን መስታወት ፊት የሚታይበትም ነው፣ የመኪና መስኮትም ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር «የመስታወት ፖሊሽ እንሠራለን» የሚል ታፔላ ቢሰቀል፣ ባለ ባጃጁ የፊት መስታወቱን ጭረት የሚያጠፉለት መስሎት ነው የሚቆመው። ቃሉን የተረጎመው ሰው መዝገበ ቃላት አይቶ ይሆናል፤ ጋራዥ ግን አልገባም።

ባዕድ ቃል ጠልቼ አይደለም። በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ባዕድ ቃል መጥላት አይቻልም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ፈረንሳይኛውንም ይዞ ነው የደረሰው፤ ለገሀር ከዚያ የቀረ ነው። ከጣሊያንኛ ደግሞ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስታታ መጡ። ዕቃው ከነስሙ መጣ፣ ስሙን ተቀበልን፣ አበቃ። እነዚህን ዛሬ በግእዝ ሥር ልተካ የሚል ቢነሳ መጀመሪያ የምቃወመው እኔ ነኝ። የእጅ ሥራ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ማሸት፣ መፋቅ፣ መጥረግ በመርከብ ተጭነው አልመጡም፤ ግሳቸው ቤታችን ውስጥ አለ።

ጋራዦቹ ራሳቸው ከተርጓሚዎቹ የተሻለ ሠርተው ያውቃሉ። ጣሊያኖች «ካርታ ቬትራታ» የሚሉትን «ብርጭቆ ወረቀት» ብለው መለሱት። ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ ግን ሻካራውን ወረቀት በእጁ ይዞ ለሚያሸው ሰው ትርጉም ሰጠው፣ ሌላ ዕቃም አይመስልም፤ ስለዚህ ኖረ። ሊስትሮ በአንጻሩ ከነቃሉ ቀረ። እሱም ጣሊያንኛ ነው፣ የማብራት ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሥራውን ትቶ የሠራተኛው ስም ሆነ። ለማብራት አንዴ ተበድረን ግሱን አላገኘንም ማለት ነው። ሁለተኛ ብድር ምን ያደርግልናል?

እስኪ ያሉንን ቃላት እንያቸው። «ማንጸባረቅ» የሚሉ አሉ፤ እሱ የውጤቱ ስም ነው፣ ያውም የብርሃን ሥራ እንጂ የእጅ አይደለም። «ማለስለስ» ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም፤ የለሰለሰ ሁሉ አይበራም። «መሞረድ» ብረቱን ይበላል። «ማሳመር» ለሙሽራም ለግቢም ይሆናል፣ ስለዚህ ለማንም አይሆንም።

እኔ የምመርጠው ሁለት ቃል ነው፤ ሥራው ራሱ ሁለት ነውና። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ጭረቱንና የደበዘዘውን ገጽ ማንሳት አለ፤ ይህ መፈግፈግ ነው። ውኃ እያርከፈከፉ ከ400 ወደ 600፣ ከዚያ ወደ 1000 እና 2000 ይሄዳሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ እየላመ ይመጣል። አንዱ ወረቀት በአግድም ከታሸ ቀጣዩ በቁም ይታሻል፣ የፊተኛው ጭረት ጨርሶ መጥፋቱ እንዲታይ። ቀጥሎ በጨርቅና በቅባት ማብራት ይመጣል፤ ይህ መወልወል ነው። ጨርቁ ወዲያው ከል ይመስላል። ጀማሪው ቆሻሻ መስሎት ጨርቅ ይቀያይራል፤ ጥቁሩ ግን ከገጹ የተነሳው አሉሚኒየም ራሱ ነው። በመጨረሻ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ማበስ የቀረውን ቅባት ይጠጣል።

ሁለቱ ቃላት ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። ፈገፈገ፣ ወለወለ፤ ሥሩ ይደገማል። አማርኛ እጅ መላልሶ የሚሠራውን ሲናገር እንዲህ ያደርጋል፦ ቀጠቀጠ፣ ደበደበ፣ ነቀነቀ፣ ወዘወዘ። ድግግሞሹ ግሱ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን «ፖሊሽ ማድረግ» አይነግርህም፤ «ማድረግ» አንዴ ነው፣ መወልወል ግን ተመልሶ መምጣት ነው። አሉሚኒየምም እንደዚያው ነው። አየር እንደነካው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ከመበላት ይጠብቀዋል፣ እየዋለ እያደረ ግን ያደበዝዘዋል። እንደገና መወልወል አለበት። ስሙንም ማውጣት አያስቸግርም፤ ከደበደበ ድብደባ፣ ከቀጠቀጠ ቅጥቀጣ እንዳልን ፍግፈጋና ውልወላ እንላለን።

አንድ ጎረምሳ መካኒክ «ወልውል ካልከኝማ ወለሉን ነው የምወለውለው» ብሎ ሳቀብኝ። ጠመንጃስ? አባቶቻችን ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ ወለል አልመሰላቸውም፤ ግሱ ከብረት ጋር የቆየ ወዳጅ ነው። «ፈገፈገ» ላይ የሚነሳው ክርክር ይሻላል፤ «አፈገፈገ» ወደ ኋላ መሸሽ ነውና። ቢሆንም ድስት የፈገፈገችን ሴት ሸሸች የሚል ሰው የለም። ድስት ካነሳን አይቀር፣ በየቤቱ «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ይህን ሥራ ጓዳ ከጋራዥ በፊት ያውቀዋል። በአመድና በበረኪና መፈግፈግን ግን ለቸርኬ አታውሱት፤ ሁለቱም አሉሚኒየምን ይበላሉ፣ ያጠቁራሉም። ቴስታታ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ፊትም አትወልውሉ፤ ልኩ ይበላሻል።

ለቃል ይህን ያህል መጨነቅ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ እዚሁ ከተማ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ሠርተዋል። ኪዳነ ወልድ ያልጨረሱትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደስታ አስፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ ሰዎች በኖሩበት ከተማ ለአንድ ብረት ማሻሸት ግስ ጠፍቶን «ፖሊሽ» ስንል ያሳፍራል።

ታፔላ የምታስጽፉ ባለ ጋራዦች፣ ቀለም ቀቢው ዘንድ ስትሄዱ «የአሉሚኒየም ፍግፈጋና ውልወላ» ብላችሁ አስጽፉ። ደንበኛም ሆናችሁ ከመጣችሁ «ቸርኬውን ወልውልልኝ» በሉ፤ ትርጉሙን የሚጠይቃችሁ አይኖርም።