አዲስ አኳሪየምን ለዓሣ ማዘጋጀት

አዲስ አኳሪየምን ማዘጋጀት ማለት ዓሣ ከመግባቱ በፊት፣ ቆሻሻን የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች በአኳሪየሙ ውስጥ እንዲራቡ ውሃውን ለሳምንታት የማቆየት ሥራ ነው። የዓሣ ኩስና የምግብ ትርፍ ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ብዙም አይጎዳም፤ ከውሃው ከፊሉን በየጊዜው በመቀየር ይቀንሳል።

ሥራው የሚጀመረው ማጣሪያውን አስነስቶ፣ ዓሣ በሌለበት ውሃ ውስጥ በየቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ቆንጠር አድርጎ በመጣል ነው። ውሃው ለጥቂት ቀናት እንደ አጓት ሊደፈርስ ይችላል፤ አያስደነግጥም። ይልቅ የሚያታልለው ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ አሞኒያ በዓይን አይታይምና በመመርመሪያ መለካት ግድ ነው። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ዓሣ ጥቂት በጥቂት ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ ባለችው ካራ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ ብርዱ የባክቴሪያዎቹን እርባታ ያዘገያል፤ ውሃውን በማሞቂያ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ማድረስ ይረዳል። ከፍታው በውሃው ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅንም ስለሚቀንስ አየር መንፊያ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ዓሣውንም ባክቴሪያዎቹንም የሚጎዳ ክሎሪን ስላለው፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቀድቶ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ወይም ክሎሪን ማጥፊያ መጨመር ይገባል። የማጣሪያው ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል፤ በስፖንጁ ላይ ያለው ቡናማ እድፍ የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው።