ቁልፉ ከመምጣቱ በፊት

በምዕራብ ዮርክሻየር፣ በካልደር ሸለቆ ባለች አንዲት መንደር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌው የሜቶዲስት ጸሎት ቤት የአማርኛ መዝሙር ይሰማል። በቅርቡ የመጡ ወጣቶች ገብተው ይቀመጣሉ። የድምፅ ማጉያው በርቷል፣ ሕፃናቱ በኋላው ክፍል ይማራሉ፣ ሲያበቃ ዳቦና ሻይ አለ። ሁሉም ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም፤ ይህ ጸሐፊ ብዕር ያነሣውም ለዚህ ነው።

የሕንጻው ታሪክ የእንግሊዞቹ ነው፤ እነርሱ ጽፈውታል። ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1739 በብሪስቶል አካባቢ በሜዳ ላይ መስበክ ጀመረ። በ1742 የብሪስቶል ምእመናን የጸሎት ቤታቸውን ዕዳ ለመክፈል በቡድን ተከፋፍለው በየሳምንቱ አንድ አንድ ፔኒ ያዋጡ ጀመር። እዚያው ሸለቆ አናት ላይ፣ ሄፕቶንስታል፣ በ1764 የተጀመረው ባለ ስምንት ማዕዘን ጸሎት ቤት ዛሬም ቆሟል። ከ1807ቱ የሞው ኮፕ ኮረብታ ጉባኤ በኋላ ሜቶዲስቶቹ ተከፋፈሉ፤ በብዙ መንደሮችም ሁለት ጸሎት ቤቶች ተቀራርበው ቆሙ። በ1932 አንድ ሆኑ። ሁለቱንም የሚሞላ ሰው ግን እየጠፋ ሄደ፤ ብዙዎቹ ተሸጠው መኖሪያ ቤት ሆኑ፣ የተረፉትም በጥቂት አረጋውያን እጅ ቀሩ።

የኢትዮጵያውያኑ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከወጥ ቤት ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከለንደን ወደ ሌሎች ከተሞች ሲበትን፣ ጥቂት ሐበሾች ሃሊፋክስ ደረሱ። ከአሥር ፓውንድ በቀር የሳምንት መተዳደሪያቸው ኩፖን ነበር፤ በኩፖን ደግሞ አውቶቡስ አይሳፈሩም። ስለዚህ በእግራቸው፣ በዝናብ፣ ሁሉም «እታለም» ወደሚሏት ሴት ወጥ ቤት ለጸሎት ይመጡ ነበር። እታለም የአዳማ ልጅ ናት፤ ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ኅብረቱ በየቤቱ ሲቀጥል ያደገች። ድምፅን ዝቅ አድርጎ መዘመርን ከዚያ ታውቀዋለች። የሃሊፋክስ ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ፣ ያንኑ ለሌሎቹ አስተማረቻቸው።

በደብተሯ የእያንዳንዱን መዋጮ በስም ትጽፍ ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲም የሰጠም ስሙ አለ። ይህ ጸሐፊ ደብተሩን አይቷል፤ የራሱንም ስም እዚያ ያገኘዋል።

ጸሎት ቤቱ የተገኘው በአንዲት ባላቸው በሞተባቸው አሮጊት እንግሊዛዊት ነው። እታለምን ገበያ ላይ ተዋውቀው የኋላውን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጡ። የጠየቁት ወንበሩ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ መብራቱ እንዲጠፋ፣ መጠጥም እንዳይገባ ነው፤ የመጨረሻው የሜቶዲስቶች ደንብ ነው። ከእንግሊዞቹ መካከል ከበሮውን የጠሉ ነበሩ። እሳቸው ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር። ሲያርፉ ሬሳ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት መካከል የእታለም ልጆች ነበሩ።

ታዲያ አጥቢያውን ማን መሠረተ የሚለው ጠብ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በአሥረኛው ዓመት በዓል የታተመው መጽሔት አጥቢያውን የመሠረተው ከለንደን የመጣ አንድ አገልጋይ ነው ይላል፤ ዘመኑንም የሚቆጥረው የጸሎት ቤቱን ትልቅ አዳራሽ ቁልፍ ከተረከቡበት ቀን ነው። የሃደርስፊልድ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያው ጸሎት በእኛ ቤት ነበር ብለው ይሟገታሉ፤ ጸልየዋል፣ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሳምንት ሳያስታጉል የቀጠለው፣ ሰው የመጣበትና የተዋጣበት የእታለም ወጥ ቤት ነው። አገልጋዩ ብዙ ደክሟል፤ የደረሰው ግን ሰውም መዝሙርም ተሰብስቦ ነው። ወጥ ቤቱ በመጽሔቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። ያ እስከ ዛሬ ያማል።

በወጥ ቤቱ ዘመን የነበረው ፍቅር ልዩ ነበር። አንድ ካፖርት ለሦስት ሰው ይዞር ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት ያገኘ ሰው ሳያካፍል አይበላም ነበር። አሁን መኪና ማቆሚያው ሞልቷል፣ ጣሪያውን የሚያሳድሰው የኢትዮጵያውያኑ መባ ነው፣ የጠዋቱ የእንግሊዝኛ ጉባኤ ግን ሁለት ረድፍ እንኳ አይሞላም።

ሽማግሌዎቹ አዲስ መጽሔት እያዘጋጁ ነው። በዚያ ወጥ ቤት የተነሣ ፎቶግራፍ ያላችሁ ለአጥቢያው ጸሐፊ ስጡ። የደብተሩም ስሞች፣ የእንግሊዛዊቷ ስም ተጨምሮ፣ በመጀመሪያው ገጽ ይታተሙ።