የጽሞና ጨዋታ፤ ስለ አንድ አዲስ ስያሜና ስለ እማማ ታልማ ፍየሎች

ጎሕ ሲቀድ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የቤታቸውን መዝጊያ ገፋ አድርገው ይወጣሉ። ወገባቸው ጎብጧል፥ እርምጃቸው አጥሯል፤ ወጣት በአንድ ትንፋሽ የሚሻገረው ከደጃፍ እስከ ጉረኖ ያለው መንገድ ለእሳቸው ታስቦበት የሚጀመር ጉዞ ሆኗል። ደርሰውም ፍየሎቹን አንድ በአንድ ያልባሉ፥ ከወተቱ አይብ ይሠራሉ፥ የዶሮዎቹን ዕንቁላል ይለቅማሉ፥ ከጉድጓድ ውኃ ቀድተው የዘሩትን ያጠጣሉ፤ ይህን ሁሉ ፈጽመው ሳይጨርሱም ጥላው ይረዝምና ፀሐይ ትጠልቃለች። አንድ ነጋዴ በጋሪ እየመጣ አይባቸውን በሚያስፈልጋቸው ዕቃ ይለውጥላቸዋል፥ ወደ ከተማ ከፈለሱት ዘመዶቻቸው የተላከውንም ደብዳቤ ያስረክባቸዋል። ከእርሱ በቀር የሚመጣ እንግዳ የለም።

የእኒህ እናት ስም ታልማ ነው። ታሪካቸው ግን በመጽሐፍ የተጻፈ ወይም በመድረክ የታየ ሳይሆን፥ ኮያን ካርዴናስ የተባለ ሰው ደርሶት በ2019 (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ የቀረበ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛ «ዘ ስቲልነስ ኦቭ ዘ ዊንድ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የነፋሱ እርጋታ» እንደ ማለት ይሆናል። ደራሲው ያንኑ ሐሳብ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ2017፥ «ፍየሎቹ ያሉበት» በሚል ርእስ አሳጥሮ ሞክሮት ነበር።

እዚህ ላይ ከዋናው ነገር ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሣ። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ስለ ታልማ ሲጽፍ ሽበታቸውን ሳያይ፥ ለሕፃንም ለአሮጊትም በሚሆን በአንድ ተውላጠ ስም ጠርቷቸው ያልፋል፤ አማርኛ ግን «እሷ» ወይስ «እሳቸው» ብሎ ገና በመጀመሪያው ግሥ ላይ ስለሚያፋጥጥ፥ ስለ እርጅና የተሠራውን ይህን ጨዋታ የሚተርክ ሰው ሳይወድ በግዱ ለእርጅና ያለውን አክብሮት ይገልጣል። እኔም እማማ ታልማ እላቸዋለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ጨዋታ ምን ተብሎ ይጠራ? በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከተለመዱት ስያሜዎች አንዱ «ስሎው ጌም» የሚለው ሲሆን፥ ፍቺው ጥድፊያን ሆነ ብሎ የተወ፥ ተጫዋቹን ከማሯሯጥ ይልቅ ቆም ብሎ እንዲያይና እንዲሰማ የሚያደርግ የቪዲዮ ጨዋታ ማለት ነው። «ስሎው» የሚለው ቅጽል ለዘመናት የነቀፌታ ቃል ሆኖ ከኖረ በኋላ በምስጋና ቃልነት የታወቀው ከማዕድ ቤት ተነሥቶ ነው፤ በ1986 በሮማ ከተማ በእስጳንያ አደባባይ አጠገብ ማክዶናልድ የተባለው የፈጣን ምግብ ቤት ሊከፈት ሲል፥ ካርሎ ፔትሪኒና ጓደኞቹ ተቃውመው «ስሎው ፉድ» የተባለውን ማኅበር ለመመሥረት በቁ፥ ለምልክቱም ቀንድ አውጣን መረጡለት። ከምግብ ወደ ሲኒማ፥ ከሲኒማም ወደ ጨዋታ ቅጽሉ እየተዘዋወረ መጣ።

ከዚህ ስም አስቀድሞ ግን ለእነዚህ ጨዋታዎች የተሰጣቸው ስም የፌዝ ነበር። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዳን ፒንችቤክ ለምርምር ብሎ ሠርቶ በ2008 ያወጣው፥ በ2012 ራሱን ችሎ ለገበያ የቀረበው «ዲር ኤስተር» ተጫዋቹን በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉት የሄብሪዲስ ደሴቶች በአንዲቱ ሰው አልባ ደሴት ላይ ያሳርፈዋል፤ በዚያም መራመድና የሚነበቡለትን የደብዳቤ ቁርጥራጮች መስማት እንጂ የሚተኮስ ጠላት፥ የሚዘለል ገደል፥ የሚሰበሰብ ወርቅ የለም። በ2013 የወጣው «ጎን ሆም»ም ባዶ ቤት ገብቶ ክፍል ለክፍል መዘዋወር ነው። ይህን ያዩ ተጫዋቾች ተቆጥተው «ዎኪንግ ሲሙሌተር»፥ ማለት የእግር ጉዞ ማስመሰያ፥ ብለው አላገጡባቸው፤ ብዙዎቹም «ይህ ከቶ ጨዋታ አይደለም» እስከ ማለት ደረሱ። ስድቡ ቆይቶ ተራ የገበያ ስም ሆነ፥ የተሰደቡትም ለመዱት።

በዚህ ወገን ካሉት ሥራዎች ሁሉ እኔን ይልቁን የሚያስደንቀኝ ከእነዚህም የቀደመና እጅግ አጭር የሆነው ነው። በቤልጅግ አገር በጌንት ከተማ ይሠሩ የነበሩት ኦሪያ ሃርቪና ሚካኤል ሳሚን «ቴል ኦቭ ቴልስ» በተባለው ድርጅታቸው ስም በ2008 «መቃብሩ» የሚል ትርጉም ያለው ሥራ አወጡ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፉ በመካነ መቃብር መካከል ባለው ጐዳና ያዘግማሉ፥ ከጫፉም ሲደርሱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ተቀምጠው ሳሉ በፍላማንድ ቋንቋ አንድ ዘፈን ይሰማል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ተነሥተው በመጡበት ይመለሳሉ። ሌላ ነገር የለም። በነጻ ይሰጥ የነበረውና በ5 ዶላር ይሸጥ የነበረው ቅጂ የሚለያዩትም በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በተገዛው ውስጥ አሮጊቷ ሊሞቱ ይችላሉ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጥይትና ጋሻ በሚገዛበት ገበያ መካከል የሞትን ዕድል ለሽያጭ ያቀረበ ነጋዴ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ነገሩን ለፌዝ ብለው እንዳላደረጉት የሚገባን፥ መሞት የማይችል ሰው አርጅቷል ለማለት እንደማይቻል ስናስብ ነው።

«ይህ ጨዋታ አይደለም» ወደሚለው ክርክር ልመለስና፥ ክርክሩ ከነገሩ ይልቅ ከቃሉ የተወለደ ይመስለኛል። የእንግሊዝኛው «ጌም» በብዙ ሰው አእምሮ ሕግን፥ ተቀናቃኝን፥ ማሸነፍንና መሸነፍን አስከትሎ ስለሚመጣ፥ አሸናፊ የሌለበትን ነገር በዚያ ስም ሲጠሩት ሰሚው እንደ ተታለለ ይቈጥረዋል። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ በ1958 «ጨዋታና ሰዎች» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታን በአራት ወገን ሲከፍል፥ ፉክክር፥ ዕጣ፥ ማስመሰልና እንደ ሕፃናት ሽክርክሪት ራስን ማዞር ብሎ ነበረና፥ ፉክክር ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ለማስረዳት የፈረንጅ ሊቅ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አስፈልጎታል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን የሚማርበት መጽሐፍ አላስፈለገውም። «ጨዋታ» ስንል ልጆች በመስክ የሚያደርጉትን ብቻ ሳይሆን ሽማግሎች እሳት ከበው የሚያወጉትን፥ በቡና ላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን ነገር ሁሉ እንጠራበታለን፤ ጨዋታ ዐዋቂ የሚባለው ሰው ማንንም ያሸነፈ ሰው አይደለም፤ «እስቲ ተጫወቱ» የተባለ እንግዳም ኳስ ፍለጋ አይነሣም። አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበትን ነገር ለመጥራት ስንሻ «ግጥሚያ» ወይም «ውድድር» የሚሉ ሌሎች ቃላት አሉን። ስለዚህ በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ የተነሣው አቤቱታ ወደ አማርኛ ቢተረጐም «ይህ ግጥሚያ አይደለም» ከማለት አያልፍም፥ ይህንንም ማንም አይክድም።

«ጨዋታ» የሚለው ስም በዚህ ከጸና የሚቀረው ቅጽሉ ነው፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። «ስሎው» የሚለውን ቃል በቃል እንመልስ ብንል «ዘገምተኛ» እንላለን፥ ይህ ቃል ግን በዛሬው አማርኛ በአእምሮው ዕድገት የተጎዳን ሰው ለመጥራት ስለ ዋለ ለክብር ስም አይሆንም። «ቀርፋፋ» ደግሞ ኮምፒዩተሩ ያረጀበት ሰው የሚያማርርበት ቃል ነውና፥ «ቀርፋፋ ጨዋታ» የተባለውን ሰምቶ መሣሪያውን ለማስጠገን የሚሮጥ አይጠፋም። «ጸጥታ» መልካም ቃል ነበር፤ ምን ይደረግ፥ ፖሊስ ወስዶታል፤ «የጸጥታ ጨዋታ» ቢባል አንባቢ የሚያስበው ስለ ጥበቃና ስለ ኬላ ነው። «ዝምታ» የተቀየመ ሰውም የሚይዘው ስለ ሆነ አሻሚ ነው፥ ደግሞም የእማማ ታልማ ቀዬ ነፋስ የሚነፍስበት፥ ፍየል የሚጮኽበት እንጂ ድምፅ የሌለው አይደለም።

ከግእዝ ወገን የሚቀርቡልን ሦስት ናቸው። «አርምሞ» «አርመመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ዝም ማለትን ያመለክታል፤ ነገር ግን በገዳም አንደበታቸውን ለገቱ አባቶች ተጋድሎ የሚነገር ከባድ ቃል ስለ ሆነ በአይብና በዕንቁላል ላይ ማዋሉ ድፍረት ይመስላል። «ተመስጦ» ብዙ ሰው ሊመርጠው የሚችል ነው፤ እኔ ግን በሁለት ምክንያት አልቀበለውም። አንደኛ፥ መመሰጥ በግእዙ መነጠቅ ነውና ኅሊናን ካለበት ስፍራ ወደ ላይ የሚወስድ ሲሆን፥ ይህ ጨዋታ ግን ኅሊናን እዚያው በጉረኖው ደጃፍ፥ በወተቱ ዕቃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛ፥ በጥይት እሩምታ መካከል ምግቡን ረስቶ የሚያመሽ ልጅም ከሁሉ ይልቅ የተመሰጠ ነውና ቃሉ ሁለቱን ወገን አይለይልንም።

የቀረው «ጽሞና» ነው። በጽሞና አዳመጠ ስንል ዝም አለ ብቻ ማለታችን ሳይሆን፥ ዝም ያለው ለመስማት ብሎ መሆኑን፥ ልቡናውም ያለ መቅበዝበዝ በአንድ ነገር ላይ ማረፉን አብረን መናገራችን ነው፤ እርጋታውንና ማስተዋሉን በአንድነት የያዘ፥ በዐውደ ምሕረትም በስብሰባ አዳራሽም የሚሰማ ቃል ነው። በዚህም ምክንያት «ስሎው ጌም» የሚለውን «የጽሞና ጨዋታ» ብዬ እመልሰዋለሁ፤ ሲበዛም «የጽሞና ጨዋታዎች» ይሆናል። የሚነሣበት ተቃውሞ የለም አልልም፤ ለጸሎትና ለንባብ የሚለዩትን ሰዓት የጽሞና ጊዜ ብለው የሚጠሩ ብዙ ምእመናን ስላሉ፥ ስሙን የሰማ ሰው መንፈሳዊ ጨዋታ መስሎት ሊሳሳት ይችላል። ይህን ስሕተት ከፖሊሱ ስሕተት የቀለለ አድርጌ አየዋለሁ።

የገጠር ኑሮ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ሲታይ የእማማ ታልማ ታሪክ የመጀመሪያው አይደለም፤ የገጠር ልጅ የነበረው ጃፓናዊ ያሱሂሮ ዋዳ፥ በቶኪዮ ኑሮው የአገሩ ናፍቆት ቢይዘው፥ በኋላ በእንግሊዝኛ «ሃርቨስት ሙን» የተባለውን የእርሻ ጨዋታ በ1996 አወጣ፤ አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮንም ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ደክሞ «ስታርዲው ቫሊ»ን በ2016 አቀረበ። ነገር ግን በስታርዲው ቫሊ የቢሮ ሥራ የመረረው ወጣት ከከተማ ወጥቶ የአያቱን መሬት ይወርሳል፥ አያትየውም በመግቢያው ላይ ተኝተው ተሰናብተው ያልፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ መዝራትና ማጨድ፥ መሸጥና ማስፋፋት ነው። በእማማ ታልማ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሄዱት ወጣቶቹ ናቸው፥ የቀሩት አያት ናቸው፥ እርሻውም ከቀን ወደ ቀን የሚሰፋ ሳይሆን ከሚችሉት በላይ እየሆነ የሚሄድ ነው። ከከተማ የሚመጣው ደብዳቤም በመጀመሪያ የሰላምታና የወሬ ሆኖ ሳለ እየቆየ ይጨልማል፤ መጨረሻውን ለሚጫወተው ሰው እተወዋለሁ።

ብቻቸውን መኖራቸውንም በምን ቃል እንደምንጠራው ማሰብ ይገባናል። ሰው ፈልጎትና መርጦት ከሰው ሲለይ «ብሕትውና» ይባላል፥ ባሕታዊ የሚባለውም በዚህ ነው፤ ሳይመርጠው ሲወርድበት ግን «ብቸኝነት» ነው። እማማ ታልማ ቦታቸውን ትተው ስላልሄዱ በፈቃዳቸው የቀሩ ናቸው፥ ሌሎቹ ትተዋቸው ስለ ሄዱ ደግሞ የተተዉ ናቸው፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ስፍራ ስለሚኖሩ እኔ ለሁኔታቸው አንድ ቃል አላገኘሁለትም፥ ጨዋታውም ወስኖ አይነግረንም።

እኔ በተጫወትሁበት ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጉድጓዱ ልወስዳቸው ጀምሬ፥ ምን እንደሚሆን ለማየት መንገድ ላይ አቁሜያቸው እጄን ከመቈጣጠሪያው አነሣሁ። ነፋሱ ነፈሰ። ፍየሎቹ ወዲያና ወዲህ አሉ፥ ጥላቸውም ረዘመ። ጀምበር ጠለቀች፥ ፍየሎቹም ሳይታለቡ አደሩ።