ለቆራሌው የታሰበው ራዲዮግራም

ቆራሌው በር ላይ ቆሟል። እናቴ ራዲዮግራሙን ልትሰጠው አንድ ሐሙስ ነው የቀራት። «ሠላሳ ዓመት ጠረጴዛ ሆኖ ኖረ፤ ምን ልሁን ብዬ ነው የማስቀምጠው?» ትላለች። እውነቷን ነው። ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ከመገተር ያለፈ ሥራ አልነበረውም። እኔ ግን አባቴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን መውረድ የሰማው በዚሁ ሣጥን መሆኑን ስለማውቅ ሆዴ እምቢ አለኝ። ቆራሌው እያጉረመረመ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ይኼ ነበር። የሸክላ ማጫወቻው መርፌ የለውም፣ ጎማውም ደርቋል። ማጉያው ግን ደኅና ከሆነ፣ የሸክላው ሽቦ በሚገባበት በኩል ስልኬን አገናኝቼ ሙዚቃ ለምን አልሰማበትም? ዕድሜያቸውን በራዲዮ ጥገና የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ ሳይቀበሉ «ሰሞኑን ሶኬት ላይ ሰክታችሁታል?» አሉኝ። «ኧረ አልሰካንም፣ ጋሼ» ስላቸው «እሰይ!» ብለው የጀርባውን ክዳን መፍታት ጀመሩ።

ከአቧራው ሥር ቫልቮቹ ብቅ አሉ። ቲዩብም ይሏቸዋል። ቫልቭ ማለት አየር የተመጠጠለት የመስተዋት ብልቃጥ ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 ሠራው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 መሀሉ ላይ ሦስተኛ ብረት ጨመረበት። ዓለምን የለወጠችው ያቺ ጭማሪ ናት። ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርሳት፣ በብልቃጡ ውስጥ የሚያልፈውን ትልቅ ጅረት እንደ ቧንቧ መዘውር ከፈት ዘጋ ታደርገዋለች። ድምፅ ማጉላት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ዲ ፎረስት ራሱ እንዴት እንደሚሠራ በቅጡ አልገባውም ነበር።

የገባቸው የስልክ ሰዎች ናቸው። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የፈጠራውን መብት ገዝቶ፣ በ1915 ኒውዮርክን ከሳንፍራንሲስኮ አነጋገረበት። ከስልክ ወደ ሲኒማ መንገዱ አጭር ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልም አፍ ሲፈታ፣ የዚሁ ኩባንያ ፋብሪካ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ለሲኒማ ቤቶች ማጉያ ያቀርብ ጀመር። መጀመሪያ ላይ በኪራይ ነበር እንጂ አይሸጥም። በ1938 ያወጣው 300ቢ የተባለ ቫልቭ ብቻውን ሲሠራ ኃይሉ ስምንት ዋት ገደማ ነው። የኛ ሚኒባስ ታክሲ ይስቅበታል! ነገር ግን እንደ መለከት አፋቸው የሰፋ ግዙፍ ስፒከሮች ያቺኑ ጥቂት ዋት ይዘው አዳራሽ ይሞሉባት ነበር።

ከዚያ ትራንዚስተር መጣ። የሚገርመው፣ በ1947 የተፈለሰፈው እዚያው የስልኩ ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ነው። ልጅ አባቱን ከቤት አስወጣ። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይግልም፤ ማን ይመልሰዋል? ሲኒማ ቤቶቹ አሮጌዎቹን ማጉያዎች እየነቀሉ አወጡ፤ ብዙው ከውዳቂ ብረት ተደባለቀ። ታዲያ በ1970ዎቹ የጃፓን ሙዚቃ ወዳዶች እየፈለጉ ይገዟቸው ያዙ። ለአዳራሽ ሙሉ ተመልካች የተሠራ መሣሪያ ጠባብ ሳሎን ገብቶ ለአንድ ሰው ያዜም ጀመር። አሜሪካኖቹ የጣሉትን ያወቁት ሌላው ካነሳው በኋላ ነው። የ300ቢ ምርት በ1988 ቢቆምም፣ ፈላጊው ስለበዛ በ1990ዎቹ እንደገና ተጀመረ።

«የቫልቭ ድምፅ የበለጠ ንጹሕ ነው» የሚሉትን ግን አልቀበልም። በመለኪያ ከሆነ ተራ የትራንዚስተር ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጠዋል። ቫልቩ ከራሱ የሚጨምረው ነገር አለ፤ ለጆሮ የሚጥመውም ያ ጭማሪ ነው። በርበሬ ሥጋውን አይገልጠውም፣ ያጣፍጠዋል እንጂ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። መነጽራቸውን አስተካክለው የቫልቮቹን ስም አነበቡ። «ኢ.ኤል. 84። ተመስገን! በዩ የሚጀምር ቢሆን ኖሮ ስልክ አልቀጥልልህም ነበር።» ለካ በአውሮፓ አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል ቫልቩ እንዴት እንደሚሞቅ ይናገራል። ኢ ማለት በ6.3 ቮልት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከግድግዳው መብራት የሚለየው ትራንስፎርመር አለ። በዩ የሚጀምሩት ግን እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ይሞቃሉ፤ የራዲዮው የውስጥ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። በዚያ ላይ ስልኩን የሰካ ሰው 220 ቮልት ጨበጠ ማለት ነው። ጋሼ በፊደሉ ብቻ አላመኑም፤ ትራንስፎርመሩንም በመለኪያ አረጋገጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ምክንያትም ያኔ ገባኝ። በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ሲያረጁ ያሾልካሉ። ያን ጊዜ ቫልቩ ከልኩ በላይ ሠርቶ ይግላል፣ ሲሄድም የድምፁን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። ስንቱ ደኅና ራዲዮ «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ተብሎ የተሰካ ዕለት ተቃጥሏል መሰላችሁ! ውስጡ ከ250 ቮልት በላይ አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቋጥረው ይቆያሉ። በቤታችሁ ተመሳሳይ ሣጥን ካለ እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትንኩት።

ጋሼ አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች ለወጡ። ስልኩ ድምፁን በግራና በቀኝ ከፍሎ ስለሚያወጣ፣ ራዲዮግራሙ ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያውቅ፣ ሁለቱን ሽቦዎች በሁለት ሬዚስተር በኩል አገጣጠሙ። ስንሰካውም በቀጥታ አይደለም፤ መሀል ላይ የድሮውን ባለ ክር አምፖል አስገቡ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ አደጋ አለ ማለት ነው። ቦግ አለና ፈዘዘ። ትንፋሼ ተመለሰ።

አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት ያሳተማቸው ሸክላዎች በብዙ ቤት የተደመጡት እንዲህ ባለ ሣጥን ነበር። እኔም የመጀመሪያ ምርጫዬ አለማየሁ እሸቴ ሆነ። እናቴ ወጡን ጥዳ ከማድ ቤት ወጣች፤ ምንም አላለችም፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ተቀመጠች።

ዳንቴሉ ተመልሶ አልተነጠፈም። የእህቴ ልጅ በመጣ ቁጥር ቁልፉን ይጫንና ወዲያው ድምፅ ሲያጣ «ተበላሽቷል!» ይላል። እናቴ መልሷ አንድ ነው፦ «ቆይ እንጂ አንተ፣ ይሙቅ!»